«አልተለወጠም»

ኢሜይሉ የደረሰኝ ሌሊት ነው። አንብቤ ስጨርስ እጄ ቀዘቀዘ።

አንድ አንባቢ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩትን መመሪያ ተከትሎ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ሊገለብጥ ሞክሯል። እኔ ግን ትእዛዙን ስጽፍ ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሬዋለሁ። ባዶው ዲስክ ምንጭ ሆነ፤ ፎቶ የሞላበት ፎልደር ደግሞ መድረሻ። ትእዛዙ ውስጥ «ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻውም አጥፋ» የሚል አማራጭ ነበረበት። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ፈጸመ። ምንጩ ባዶ ስለነበር መድረሻውንም ባዶ አደረገው።

የሴት ልጁ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉን ከስልኩ መልሶ አገኘ። የቀረውን አላገኘም።

ደብዳቤው ውስጥ ቁጣ የለም። እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ። «ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ቢያስተካክሉት» ብቻ ነው ያለው። ወዲያው ተነስቼ አስተካከልኩት። ገጹ አናት ላይ ማስጠንቀቂያ ጨመርኩ። ይቅርታ ጠይቄ መለስኩለት። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ አንባቢ ጻፈችልኝ። የተሳሳተውን ትእዛዝ ቃል በቃል ገልብጣ «ይሄ ልክ ነው? የተገለባበጠ መሰለኝ» ትላለች። ተመስገን ነው፣ ከመሞከሯ በፊት ጠየቀች። ገጼን ከፈትኩት። ያለው የተስተካከለው ነው። «የት ነው ያዩት?» ብዬ ጻፍኩላት። ስክሪንሾት ላከችልኝ። ለካ ገጹን ጭራሽ አልከፈተችውም። መፈለጊያው ላይ ጥያቄዋን ስትጽፍ ከርዕሱ ሥር የምትወጣው አጭር ቅንጫቢ ናት። እዚያች ሁለት መስመር ውስጥ ስህተቴ እንዳለ ተቀምጧል። ስንት ሰው ገጹን ሳይከፍት ከዚያው ላይ ገልብጦ ሄዶ ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ያሳለፍኩት ይህን ነገር ከሥሩ ለመረዳት ስሞክር ነው። ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። መፈለጊያዎች እንዴት እንደሚሠሩ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የማውቀው ግን ስሙን ነበር።

መጀመሪያ ልቤ ውስጥ መግባት የነበረበት አንድ ነገር ነው። ስንፈልግ የምንፈልገው ድሩን አይደለም። የምንፈልገው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ዞሮ አይቶ የያዘውን ማስታወሻ ነው። ዞሮ የሚያየው ቦት ወይም ክሮውለር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ገጹን ይወስዳል፣ ያነባል፣ ቃላቱ ኢንዴክስ በሚባለው ትልቅ የቃላት ማውጫ ውስጥ ይገባሉ። እኛ የፍለጋውን ቁልፍ ስንነካ ማንም ወደ ገጹ አይሮጥም። መልሱ የሚመጣው ከማስታወሻው ነው። ማስታወሻው ትናንት የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ ከወር በፊት የተያዘም ሊሆን ይችላል። ያቺ ቅንጫቢ የዛሬ ገጼን አይደለም የምታሳየው። ቦቱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ያየውን ነው።

ታዲያ ቦቱ ገጽ መኖሩን በምን ያውቃል? የዓለም ድረ ገጾች ሁሉ የተመዘገቡበት መዝገብ የለም። ማንም ሰው ሰርቨር፣ ማለትም ገጽ ለጠየቀው ሁሉ የሚልክ ኮምፒውተር፣ ከፍቶ ገጽ ሲያስቀምጥ የሚያሳውቀው አካል የለም። ስለዚህ ዋናው መንገድ ሊንክ ነው። ቦቱ ከሚያውቀው ገጽ ይነሳል፤ እዚያ ላይ ያሉትን ሊንኮች ይለቅማል፤ ወረፋ ያስይዛቸዋል፤ ተራቸው ሲደርስ ይከፍታቸዋል፤ ከእነሱም ላይ ሌላ ሊንክ ይለቅማል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ይህ አሠራር ከድሩ ልጅነት ጀምሮ ያለ ነው። በ1993 የኤምአይቲ ተማሪ የነበረው ማቲው ግሬይ የድሩን ስፋት ለመለካት ብሎ ሊንክ እየተከተለ የሚዞር ፕሮግራም ሠራ። በዚያው ዓመት ማርታይን ኮስተር ሌላ መንገድ ሞከረ። አሊዌብ ይባላል። የሱ ሐሳብ ቦት ዞሮ ከሚለቅም የገጹ ባለቤት ራሱ ስላለው ነገር ጽፎ ያስመዝግብ የሚል ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ብዙ ሰው አላስመዘገበም። በ1994 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብራያን ፒንከርተን ያወጣው ዌብክሮውለር የገጾቹን ሙሉ ጽሑፍ እየለቀመ ማስፈለግ ጀመረ። ዞሮ የሚለቅመው አሸነፈ።

ሊንክ ተከትሎ መሄድ ግን ሁሉም ጋ አያደርስም። በ2000 የዚያን ጊዜ ታዋቂ መፈለጊያ የነበረውን የአልታቪስታን መረጃ ይዘው ወደ 200 ሚሊዮን ገጽ የሚሆን ካርታ ያጠኑ ተመራማሪዎች የድሩ ቅርጽ እንደ ፓፒዮን ክራቫት ነው አሉ። መሃሉ ላይ እርስ በርሱ የተያያዘ ቋጠሮ አለ። በአንድ ወገን ወደ ቋጠሮው የሚያስገቡ ግን ከቋጠሮው ማንም የማይጠቁማቸው ገጾች አሉ። በሌላው ወገን ከቋጠሮው የሚደረስባቸው ግን መልሰው ወደ ቋጠሮው የማይጠቁሙ አሉ። ከሁሉም ተቆርጠው ለብቻቸው የቀሩም ነበሩ። ሁለት ገጽ በዘፈቀደ ብታነሱ ከአንዱ ተነስቶ በሊንክ ብቻ ሌላው ጋ የመድረስ ዕድሉ 24 በመቶ ገደማ ነበር። ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም።

ይህን ሳነብ አንድ ገጼ ትዝ አለኝ። የተበላሸ ዲስክ ላይ ፋይል ስለማዳን ብዙ ሌሊት ለፍቼ የጻፍኩት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልመጣበትም። ጽሑፉ መጥፎ ስለሆነ መስሎኝ አዝኜ ተውኩት። አሁን ሄጄ ሳየው ወደሱ የሚወስድ አንድም ሊንክ የለም። ከመነሻ ገጹ የለም፤ ከሌሎች ጽሑፎቼም የለም። ምድቡን ስቀይር ከዝርዝሩ ወድቆ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ገጽ በሙያው «ወላጅ አልባ» ይሉታል። ቃሉ ልክ ነው። እኔ ራሴ ያልጠቆምኩትን ማን ይጠቁመው? ከሦስት ጽሑፎቼ ውስጥ፣ ነገሩ በእውነት በሚነሳበት ቦታ፣ ሊንክ አስገባሁለት። በሁለተኛው ሳምንት ሰው መምጣት ጀመረ።

ማግኘቱ ይህን ይመስላል። የኔ ችግር ግን መገኘት አልነበረም። ተገኝቻለሁ። ችግሩ ከተገኘሁ በኋላ ስለወጥ የሚያውቅልኝ ማጣቴ ነው።

ሁለተኛው ኢሜይል በመጣ ሌሊት ደንግጬ ያደረግኩትን ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ገጹ ከፍለጋ ውጤት ቶሎ ይውጣልኝ ብዬ ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለው ፋይል ውስጥ ገብቼ ቦቶች ያን ገጽ እንዳይከፍቱ ከለከልኩ። ይህ ፋይል ሰርቨሩ በር ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ቦቶች ሰርቨር ማጨናነቅ ሲጀምሩ በ1994 ያቀረበው ያው ኮስተር ነው። ለብዙ ዓመት በስምምነት ብቻ ሲሠራበት ኖሮ በ2022 አርኤፍሲ 9309 በሚባል ሰነድ በይፋ የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ወጣ። ዛሬም ቁልፍ አይደለም። ጨዋ ቦት አንብቦ ያከብራል፤ ጨዋ ያልሆነውን የሚያቆም ነገር የለውም።

ጠዋት ስነሳ ያደረግኩት ነገር ገባኝ። ፋይሉ የሚለው «አትክፈት» ነው እንጂ «እርሳ» አይደለም። ቦቱ በሩ ላይ ያነባል፣ ይመለሳል፣ የተስተካከለውን ገጽ አያይም። የያዘው አሮጌ ማስታወሻ ግን ወዲያው አይጠፋም። ክልከላውን እንዳለ ብተወው ኖሮ እርማቴን የማያይበት መንገድ በገዛ እጄ አበጅቼ ነበር። ገጹ ላይ ኖኢንዴክስ የሚል ምልክት ማድረግም አለ፤ እሱ ከኢንዴክስ እንዲያወጡት የሚጠይቅ ነው። ግን ያንንም ምልክት የሚያየው ገጹን ሲከፍት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ደብዳቤ ጽፎ ፖስተኛውን በር ዘግቶበታል። ቡና ሳልጠጣ ክልከላውን አነሳሁ።

ከዚያ የሰርቨሩን ሎግ ከፈትኩ።

ሎግ ማንበብ ብዙ ሰው አይወድም። እኔ እወዳለሁ። አንድ ጥያቄ አንድ መስመር ነው። ማን እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ገጽ እንደጠየቀ፣ ምን ቁጥር እንደተመለሰለት፣ ስንት ባይት እንደተላከ ይጻፋል። ስሙን ቦት ያለ ሁሉ ቦት አይደለምና የመጣበትን አይፒ አድራሻ ወደ ስም መልሼ አረጋገጥኩ። የፍለጋው ቦት ነው። ከዚያ ያን ገጽ ብቻ ለይቼ አወጣሁ።

ጠብቄ የነበረው ባዶ ነገር ነው። አልመጣም ብዬ ነበር። ቦቱ ግን መጥቷል። ካስተካከልኩ በሁለተኛው ቀን መጥቷል። በስድስተኛው ቀን መጥቷል። በአሥራ ሦስተኛው መጥቷል። በአሥራ ዘጠነኛውም መጥቷል። አራት ጊዜ! አራቱም መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር አለ፦ 304። የተላከው የገጽ ይዘት ዜሮ ባይት።

304 ማለት «አልተለወጠም» ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ገጽን በየጊዜው ሙሉውን ማውረድ ለቦቱም ለሰርቨሩም ድካም ነው። ስለዚህ ቦቱ ሲመጣ ቀን ይዞ ሊመጣ ይችላል። «ከዚህ ቀን ወዲህ ከተለወጠ ስጠኝ» ይላል። ሰርቨሩ የገጹን የመጨረሻ ለውጥ ቀን ያያል። ከተለወጠ 200 ብሎ ሙሉውን ይልካል። ካልተለወጠ 304 ብሎ በባዶ ይሸኘዋል። ቆንጆ አሠራር ነው። የሚሠራው ግን ሰርቨሩ እውነቱን ከተናገረ ነው።

የኔ ሰርቨር አልተናገረም። ገጾቼን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከዓመታት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያቺን መስመር ፈልጌ አገኘኋት። «የመጨረሻ ለውጥ» የሚለውን ቀን የምትወስደው ገጹ ከተሻሻለበት ሳይሆን መጀመሪያ ከታተመበት ቀን ነው። ማለትም ማንኛውንም ጽሑፌን መቶ ጊዜ ባርመው ሰርቨሩ ለሚጠይቀው ሁሉ «ከታተመ ወዲህ ምንም አልተነካም» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ቀን ይዞ ስለማይመጣ ሙሉውን፣ የታረመውን ገጽ ያገኛል። ለዚህ ነው እኔ ስከፍተው ሁሌ ደህና የሚመስለኝ። የሚዋሸው ተመልሶ ለሚመጣው ብቻ ነው።

እዚያ ወንበር ላይ ብዙ ቆየሁ። ሁለተኛው ኢሜይል ከደረሰኝ ጀምሮ መፈለጊያውን ስወቅስ ነበር። ትልቅ ነው፣ ቸልተኛ ነው፣ ትንሽ ጦማር ማን ያያል እያልኩ። እሱ አራት ጊዜ በሬን አንኳኩቶ «ለውጥ አለ?» ብሎ ጠይቋል። አራት ጊዜ «የለም» ያልኩት እኔ ነኝ።

ደግሞ አራት ጊዜ መምጣቱ ራሱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ አንብቡልኝ ብባል ይህን ክፍል እመርጣለሁ። ቦት ሁሉም ጋ በየቀኑ መድረስ አይችልም። ጎግል በ2008 ያያቸው የተለያዩ አድራሻዎች ብዛት 1 ትሪሊዮን መድረሱን አስታውቆ ነበር። ሁሉም ቁምነገር ያለው ገጽ አይደለም። ለምሳሌ «ቀጣይ ቀን» የሚል ሊንክ ያለው ካላንደር ማለቂያ የሌለው አድራሻ ይወልዳል። ስለዚህ ቦቱ መምረጥ አለበት። የትኛውን ዛሬ ልይ? የትኛውን ለሚቀጥለው ሳምንት ላቆይ?

ስታንፎርድ የነበሩት ጁንግሁ ቾ እና ሄክቶር ጋርሲያ ሞሊና በ1999 ከ270 ድረ ገጾች 720,000 ያህል ገጽ መርጠው ለአራት ወር በየቀኑ እየከፈቱ ተከታተሉ። የንግድ ዶሜይኖች (በ.com የሚያልቁ አድራሻዎች) ላይ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ገጽ በየቀኑ ይለወጥ ነበር። የትምህርትና የመንግሥት ዶሜይኖች ላይ ደግሞ ከግማሽ በላዩ በአራቱ ወር ውስጥ ጭራሽ አልተለወጠም። ታዲያ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን ቶሎ ቶሎ መጎብኘት አይሻልም? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እነሱ ግን በሒሳብ ያሳዩት ሌላ ነው። ማስታወሻህ በአማካይ ትኩስ እንዲሆን ከፈለግህ ጉብኝትን በለውጥ ፍጥነት ልክ ከማከፋፈል ለሁሉም እኩል ማከፋፈል ይሻላል። ከሁለቱም የሚሻለው ደግሞ እጅግ ቶሎ የሚለወጠውን ገጽ ጉብኝት መቀነስ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው አልዋጥልህ አለኝ። ከዚያ በራሴ ቁጥር ሞከርኩት። በወር 30 ጉብኝት አለኝ እንበል። አንደኛው ገጽ በየደቂቃው ይለወጣል፤ ሌላው በወር አንዴ። 30ውንም ለመጀመሪያው ብሰጥ አንድ ጉብኝት የሚገዛልኝ የአንድ ደቂቃ እውነት ነው። ወሩ ሙሉ ተደምሮ 30 ደቂቃ። ለሁለተኛው ብሰጥ ግን በየቀኑ አየዋለሁ፤ በተለወጠ በአንድ ቀን ውስጥ እደርስበታለሁ፤ ወሩን ሙሉ ማለት ይቻላል ማስታወሻዬ ትክክል ነው። የሚሮጠውን ማሳደድ ሁለቱንም ያሳጣል።

በእርግጥ መፈለጊያዎች የሚያዩት ትኩስነትን ብቻ አይደለም። ስንት ሰው ይፈልገዋል፣ ስንት ቦታ ተጠቁሟል፣ ሰርቨሩ ሲጠየቅ ይዝላል ወይስ ይችላል የሚለውንም ይመዝናሉ። የዜና ገጽ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። በወር አንዴ የሚነካ ጦማር ግን ይጠብቃል። የኔን ገጽ ታሪክ ይህ ሒሳብ ሲነካው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። በቀናቱ መሃል ያለውን ርቀት ቁጠሩት፦ አራት፣ ሰባት፣ ስድስት። የመጀመሪያው ጉብኝት ቶሎ ነበር፤ ከዚያ ራቅ ራቅ አለ። ቦቱ ከኔ መልስ እየተማረ እንደሆነ እገምታለሁ። «አልተለወጠም» በተባለ ቁጥር እዚህ ብዙ መመላለስ አያስፈልግም ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል?

ያቺ መስመር ሌላም ቦታ ገብታ ነበር፤ ሳይትማፑ ውስጥ። ሳይትማፕ የገጾችህን አድራሻ ዘርዝረህ ለመፈለጊያ የምትሰጠው ፋይል ነው። ጎግል በ2005 ጀመረው፤ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍትም ተቀበሉት። አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል። ከየአድራሻው ጎን መቼ እንደተለወጠ ይጻፋል። ምን ያህል አስፈላጊ ነው፣ በየስንት ጊዜው ይለወጣል የሚሉ ቦታዎችም አሉት፤ ጎግል ግን እነሱን አያያቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ ገጹን አስፈላጊ ነው ይላል። የለውጥ ቀኑን ግን ትክክል ሆኖ እስካገኘው ድረስ ይጠቀምበታል። በየቀኑ ሁሉም ገጽ ላይ የዛሬን ቀን የሚለጥፉ አሉ፤ ቦቱ ትኩስ ናቸው ብሎ እንዲሮጥላቸው። አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ምንም ለውጥ ካጣ በኋላ የነሱን ቀን ማን ያምናል? እኔ የዋሸሁት በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ውጤቱ ግን ከነሱ የተሻለ አልነበረም።

በ2021 ማይክሮሶፍትና የሩሲያው መፈለጊያ ያንዴክስ ኢንዴክስናው የሚባል ነገር አወጡ። ገጽህን ስትቀይር አንተው ራስህ «ይሄ አድራሻ ተለውጧል» ብለህ ትልካለህ። ሲያወጡት ሳየው የኮስተር አሊዌብ ከ28 ዓመት በኋላ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ባለቤቱ ይናገር የሚለው ሐሳብ አልሞተም። አሁን የሚናገረው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ስለሆነ የመመዝገቡ ስልቸታ የለም። እኔ አስገብቼዋለሁ። ሁሉም መፈለጊያ ግን አይቀበለውም፤ ስለዚህ የቦቱ መመላለስ አልቀረም።

መስመሯን አስተካከልኩ። ለውጡ አሥር ፊደል አይሞላም። ከዚያ በመፈለጊያው የባለቤቶች መሣሪያ ገብቼ ገጹ እንደገና እንዲታይልኝ ጠየቅኩ። በሁለተኛው ቀን ሎጉን ስከፍት ቦቱ ሌሊት መጥቷል። መስመሩ መጨረሻ ላይ 200 ይላል፤ ቀጥሎ የባይቱ ቁጥር። ከዚያ ቁጥር በላይ ያስደሰተኝ ነገር በዚያ ወር አልነበረም። በማግስቱ ቅንጫቢዋ ተቀየረች። አሁን የምትጀምረው ከማስጠንቀቂያው ነው።

ሥራው ግን አላለቀም። የተሳሳተውን ትእዛዝ ከኔ ገልብጠው የለጠፉ ሁለት ሌሎች ገጾች አገኘሁ። እነሱ ላይ የኔ ሰርቨር ሥልጣን የለውም። ለሁለቱም ጻፍኩ። አንደኛው በዚያው ቀን አስተካከለው። ሁለተኛው አልመለሰልኝም፤ ገጹ እስካሁን አለ። በየወሩ አንዴ እጽፍለታለሁ።

የገዛ ጽሑፎቼንም አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከታተሙ በኋላ ያረምኳቸው 31 ነበሩ። የሠላሳ አንዱም እርማት፣ ተመልሶ ለሚጠይቅ ሁሉ «አልተለወጠም» ተብሎ ነበር። አብዛኛው የፊደል ግድፈት ነው። ሦስቱ ግን አይደለም፤ አንዱ ውስጥ የተሳሳተ የስሪት ቁጥር፣ ሁለቱ ውስጥ የተጓደለ እርምጃ ነበረ። ለነዚህ ሦስቱ ገጹ ሥር መቼና ምን እንደታረመ ጻፍኩ።

ለሁለቱም አንባቢዎች የሆነውን ነገርኳቸው። የመጀመሪያው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ በአንድ መስመር መለሰ። ሴትዮዋ ከአራት ቀን በኋላ ጻፈችልኝ። አዲሷ ቅንጫቢ እሷም ጋ መታየቷን አረጋግጣ፣ ገጹን ከፍታ፣ ማስጠንቀቂያውን አንብባ፣ ትእዛዙን መጀመሪያ በባዶ ፎልደር ሞክራ፣ ከዚያ ነው የገለበጠችው። ከደብዳቤው ሥር የፎልደሩን ስክሪንሾት አያይዛለች። 4,112 ፋይል በምንጩ፣ 4,112 ፋይል በመድረሻው።